ባለመንታ ጭራዋ አይሮፕላን

ሽማግሌው ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተዘርሯል። የመደርደሪያው የብረት ጠርዝ ደም ነክቶታል። በቀኝ እጁ ጨምድዶ የያዘው ግማሽ ፎቶ ነው፤ ሌላው ግማሽ የለም። ድሮ ተሠርተው ስማቸው የጠፋ አይሮፕላኖችን ከፎቶ ላይ ሲለይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው፣ መጨረሻው ይኸው!

ጠዋት ከአዳር ሥራዋ ስትመለስ ያገኘችው ሴት ልጁ ናት። ፖሊሶቹም የጠረጠሩት እሷኑ ነው። ቁልፉ ያለው እሷ ጋ ነው፤ ትናንት ረፋድ ላይ አባቷ ላይ ስትጮህም ጎረቤት ሰምቷል።

መርማሪዋ አጭር፣ በወሬ የማትሸወድ ሴት ናት። ልጅቷን ወጥ ቤት አስቀምጣ ጠየቀቻት።

«በምን ተጣላችሁ?»

«አልናገርም።»

«ዝም ካልሽ ይዘውሽ ይሄዳሉ እኮ።»

«ይውሰዱኝ። የተናገርኩትን መድገም ያሳፍረኛል።»

መርማሪዋ ግማሹን ፎቶ ሰጠቻት። ልጅቷ ገልብጣ ጀርባውን አየችና «ቀሪውስ?» አለች።

ከሟቹ ጋር በየሳምንቱ ፎቶ የሚመረምሩት ሁለት ጓደኞቹ ብቻ ነበሩ፤ ጡረታ የወጣ አብራሪና አንድ ደራሲ። ሁለቱም ትናንት ከሰዓት በኋላ በየፊናቸው መጥተዋል። ዛሬ ተጠርተው ሲጠየቁ «ደህና ነበር፣ ትቼው ሄድኩ» ነው የሁለቱም ቃል። አብራሪው ፎቶውን ሲቀበል መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

«ጭራውን የት አደረጋችሁት?»

«ያለ ጭራ አይለይም?»

«አይ የኔ እመቤት! ይህን የፊት አፍንጫ የያዙ አይሮፕላኖች ሁለት ናቸው። አንዱ የትም የሞላ ነው። ሁለተኛዋ ባለመንታ ጭራዋ ናት፤ አንዲት ብቻ ተሠርታ የጠፋች። ደራሲው ጓደኛችን ከአንድ ደብዛዛ ፎቶ ላይ ለይቷት መጽሐፍ ጻፈላት። ሌላ ፎቶዋን ስንፈልግ ይኸው ሃያ ዓመታችን!»

ደራሲው ሳሎን ውስጥ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አቅፎ ተቀምጧል። ፎቶውን አየት አድርጎ መለሰው።

«ሞተሩ ባለ ዘጠኝ ሲሊንደር ነው። ክንፉ ጨርቅ ለብሷል። ሌላ የምለው የለኝም።»

መርማሪዋ አመስግና ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«አይሮፕላን ደንታ የማይሰጣት ልጅ እንኳ ቀሪውን ጠየቀች» አለች። «አብራሪውም ጭራውን ነው ያስቀደሙት።» ወደ ደራሲው ዞረች። « እርስዎ ግን ሃያ ዓመት የፈለጉትን አፍንጫ እጅዎ ላይ ሳስቀምጥልዎ ቀሪው የት ነው አላሉኝም። ያላየ ሰው ይጠይቃል። እርስዎ አይተውታል።»

«ይሄ ማስረጃ ነው እንዴ?» አለ ደራሲው።

«አይደለም። ነገር ግን ፎቶ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ፎቶ ማቃጠል አይሆንለትም። እስቲ ቦርሳዎን ይክፈቱልኝ።»

ንቅንቅ አላለም። አብራሪው ነጥቆ ከፈተው። የጎደለው ግማሽ በገዛ መጽሐፉ ገጾች መሃል ተቀምጧል። አብራሪው ሁለቱን ግማሾች አገጣጥሞ ሲያይ ቆየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ወይኔ! ጭራው አንድ ነው። ሁለተኛው ከኋላ የቆመ የሌላ አይሮፕላን ጭራ ነው። የድሮው ፎቶ ከፊት ስለተነሳ ነው መንታ የመሰለን፤ ይሄኛው ያንኑ ቦታ ከጎን ነው ያነሳው፣ ተለያይተው ይታያሉ። ባለመንታ ጭራ የምትባል ኖራም አታውቅ!»

ደራሲው አንገቱን ደፋ።

«ስንት ሰው አስተማርኩባት፣ ተሸለምኩባት። መሰላሉ ላይ ሆኖ ሲያሳየኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስነጥቀው ይቀደዳል ብሎ ያዘብኝ። ገፋሁት። ስወጣ ገና ይተነፍስ ነበር። እርዳታ ብጠራ ሰው ፎቶውን ያያል ብዬ ሄድኩ።»

ልጅቷ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ጋሼ፣ የተጣላነው እኮ በእርስዎ ነው። ፎቶውን ሊሰጥዎ ነበር። ‹ራሱ አግኝቶ ራሱ እንዳረመው አድርጎ ይጻፈው፤ እኔ ትንፍሽ አልልም› አለኝ። እኔ እውነቱን በአደባባይ ተናገር አልኩት፤ ፈሪ ብዬ ሰደብኩት። በዚያው ተለያየን።»

ደራሲው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«‹ያዘው፣ ይሄ ያንተ...› ብሎ ጀምሮ ነበር» አለ። «አላስጨረስኩትም።»