አሮጌ ከስክስ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በጦር ሰፈሩ አጥር ጥግ ያለውን የጫማ ጥገና ቤት ከፈተች። ወለሉን ጠረገች። ወስፌዎቹን በየመጠናቸው ደረደረች። ሽማግሌው ጫማ ሰፊ እንደ ልማዳቸው አሥር ደቂቃ ዘግይተው ገቡ።

«እንዴት አደርሽ ልጄ?»

«ደኅና አደሩ ጋሼ።»

የሰፈሩ አሥር አለቃ ሁለት ጆንያ እየጎተተ ተከተላቸው። ገና ሰላም ሳይል፣ «የሻምበሉን ሶል ማን ነው ያጣመመው?» አለ።

ያጣመመችው እሷ ነበረች።

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው ቀና ሳይሉ። «ዓይኔ ደክሟል።»

«ጋሼ፣ እጅዎም አብሮ አረጀ?»

«እጄስ ይቃናል። ያንተን አፍ ማን ያቃናው?»

አሥር አለቃው ስቆ ወጣ። አሥራ አራት ወር ሙሉ እንዲህ ነበር። እሷ ታበላሻለች፣ እሳቸው ቀድመው «እኔ ነኝ» ይላሉ። ከወንዙ ማዶ ካለችው ከተማ የተላከች ሰላይ መሆኗን አያውቁም። የምስጢር ስሟ «ሰባተኛ» ነው።

ሽማግሌው የመጀመሪያውን ጆንያ ዘረገፉ። ከስክስ ጫማዎች። ሁሉም አዲስ። በተያያዘው ወረቀት ላይ «ቀላል እግረኛ፤ ሶሉ ብረት ይመታበት» ይላል።

«የማን ቀልድ ነው ይሄ?» አሉ።

«ምኑ ጋሼ?»

«ዘጠኝ ዓመት ቀላል እግረኛ ነበርኩ። ጸሐፊዎቹ ስሙን ላገኙት ሁሉ ይለጥፉታል። ቀላል የሚባለው ሸክሙ ቀላል ስለሆነ ነው፤ ጠመንጃ፣ ውሃ፣ የሦስት ቀን ቀለብ። ድንኳን የለው፣ መድፍ የለው፣ መኪና አይጠብቅ። ሌላው ጦር ሲሰለፍ እሱ ተበታትኖ ይቀድማል፤ መንገድ በሌለበት ገብቶ ከጀርባህ ይገኛል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው በአዲስ ጫማ ይዘምታል? በመጀመሪያው ቀን እግሩ ይላጣል! ብረቱ ደግሞ ከሩቅ ይጮኻል።»

ሁለተኛውን ጆንያ ፈቱ። አሮጌ ከስክሶች ናቸው፤ እግር የለመዳቸው። ወረቀቱ «የግቢ ጥበቃ፤ ብረቱ ተነቅሎ ጎማ ይደረግ» ይላል።

ሽማግሌው አንዱን ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ቀላል እግረኛ እነዚህ ናቸው» አሉ። «ድንጋይ ሊወጡ ነው። ድምፅ አይፈልጉም።»

እጇ ላይ ያለው ወስፌ ቆመ።

ወደ ከተማዋ መግቢያው ሁለት ነው፤ ድልድዩና የገደሉ መንገድ። ጠባቂዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አንዱን ከያዙ ሌላው ባዶ ይቀራል። እህቷ ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖረው ከገደሉ ሥር ካሉት ቤቶች በአንዱ ነው።

ከመደርደሪያው አንድ ቡናማ ጫማ አወረደች። «ደወል» ትናንት ከሰዓት በኋላ የተወው ነው። ደወል የላኳት ሰዎች መልእክተኛ ነው። ሰባተኛ ከሁለቱ ጫማ ሰፊዎች የትኛው እንደሆነ አያውቅም፤ ጫማ ይተዋል፣ ጫማ ይወስዳል። ለሽማግሌው ጀርባዋን ሰጥታ ተረከዙን ፈልቅቃ የተደበቀውን ወረቀት አወጣች።

«ሰኞ፣ በድልድዩ። ቀላል እግረኛ ይቀድማል። ጫማቸው ብረት ተመትቶበታል። ሰባተኛ ያረጋግጥ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ብረቱ ገና አልተመታም።

ጆንያው የመጣው ዛሬ ነው። ወረቀቱ የተጻፈው ትናንት። ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው ትእዛዙን ያወጣው ክፍል ብቻ ነው።

ደወል ተሸጧል።

ደወል እንዳይነቃባት በወረቀቱ ጀርባ «ተረጋግጧል» ብላ ጻፈች። ተረከዙን መልሳ መታችው። ደወል አምስት ሰዓት ላይ መጣ፤ ጫማውን ከሽማግሌው እጅ ተቀበለ።

«በደንብ ይዟል?»

«ከባለቤቱ በላይ ይኖራል» አሉት።

አሁን የቀራት መስኮቱ ነው። ደወል የማያውቀው፣ አንዴ ብቻ የሚሠራ ምልክት። አንድ ጫማ ከተሰቀለ ድልድይ። በማሰሪያ የተያያዘ ጥንድ ከሆነ ገደል። ምልክቱን አይቶ ለከተማዋ የሚያደርሰው የአውቶቡስ ሹፌር ስድስት ሰዓት ላይ ያልፋል።

ከአሮጌዎቹ አንድ ጥንድ አንስታ ሰቀለች።

አውቶቡሱ መጣ። ዝግ አለ። መብራቱ ሁለት ጊዜ በርቶ ጠፋ።

ከመንገዱ ማዶ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ቀና አለ። መብራቱን አየ። ቀጥሎ መስኮቱን።

ደወል ነበር።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። አንድ መቶ አለቃ ሁለት ወታደር አስከትሎ ገባ።

«ይህን ማን ሰቀለው?»

አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «እንዲናፈስ ብዬ ነው። ምን ጥፋት አለው?»

«ተነስ።»

መርፌያቸውን ኮታቸው ላይ ሰኩ። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ማንም «አንተ» ሲላቸው ሰምታ አታውቅም። እሷ «እኔ ነኝ» ብትል የምልክቱን ትርጉም መርምረው ከእሷ ያወጣሉ፤ መንገዱንም ይለውጣሉ። እሳቸው ግን የሚያወጡት ምስጢር የላቸውም። ቢመቷቸውም የላቸውም።

ዝም አለች።

«ልጄ፣ ማስቲሹን ክደኚው፣ እንዳይደርቅ» አሉ ከበሩ ላይ። «ማምሻዬን እመለሳለሁ።»

ማስቲሹን ከደነች። ቦርሳዋን ይዛ በጓሮ ወጣች። አልሮጠችም።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ቀላል እግረኛው በገደሉ ወጣ። ጠባቂዎቹ እዚያው ጠበቁት። የእህቷ ልጆች ማክሰኞ ትምህርት ቤት ሄዱ። የላኳት ሰዎች ስለ ሽማግሌው አንድ መስመር ብቻ ነገሯት፤ በሦስተኛው ቀን አርፈዋል፣ እስከ መጨረሻው «እኔ ነኝ፣ እንዲናፈስ ብዬ ነው» ከማለት ሌላ አልተናገሩም።

አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ልብስ ትሰፋለች። ባለፈው ሐሙስ አንድ እጅጌ አሳጥራ ቆረጠች። አሠሪዋ አንስታ አየችው።

«ይህን ማን ነው ያበላሸው?»

ክፍሉ ውስጥ አራት ሰፊዎች ነበሩ። ጥቂት ጠበቀች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ከእሷ ቀድሞ እንዲህ የሚል ሰው የለም።