የስሞቹ አድራሻ

ፍላሹ ደም ነክቶታል።

«ይዞት የነበረው ሰውዬ አስቸገረን» አለ አላምረው። «በእኛ ላይ የሚመሰክሩ የአሥራ ሁለት ሰዎች ስም አለበት። ከነገው ችሎት በፊት አንዳቸውም እንዳይተርፉ።»

አላምረው ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ከተማ ዳር ባለው በዚህ ቤት የአጋቾቹ አዛዥ ነው። ዳግማዊት ፍላሹን በቀሚሷ ጠርጋ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው። የኮምፒውተር ባለሙያቸው ናት። እነሱ የሚያውቁት ይህን ብቻ ነው። በስለላ መሥሪያ ቤቷ ግን የምትጠራው «ጭላት» ተብላ ነው።

ስሞቹ የተዘረዘሩት ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ወደ ገዳዮቹ ስልክ ትእዛዝ የሚልከው ፕሮግራም ደግሞ የተጻፈው በሌላ ቋንቋ፣ በሲ ነው። ሲ ስሙን ራሱን አይቀበልም። ስሙ ሜሞሪው ውስጥ የተቀመጠበትን አድራሻ ብቻ ነው የሚፈልገው። አድራሻው ከተለወጠ የሚላከው ስምም ይለወጣል። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አይታይም።

«መጀመሪያ አንዷን ላኪና ልይ» አለ አላምረው።

አንደኛዋ መንበረ ናት። ደባርቅ የምታስተምር።

ዳግማዊት አድራሻውን አልነካችም። ደባርቅ ያለው ገዳይ ደውሎ ስሙን ለአላምረው ያነብለታል። ከተሳሳተ እሷም አሥራ አንዱም አለቁ።

ላከችው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገዳዩ ደውሎ ስሙን አነበበ፤ አላምረው የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። ሁለት ጥይት። ከዚያ የተማሪዎች ጩኸት።

«ሸጋ! የቀሩትን ባንዴ ልቀቂያቸው።»

የምስክሮቹን አድራሻ አውጥታ በምትኩ የአጋቾቹን ስም አድራሻ አስገባች። ለእያንዳንዱ ገዳይ የጓደኛውን ስም። እነዚህ ሰዎች ከላይ ትእዛዝ ሲመጣ፣ በማንም ላይ ይሁን፣ አይጠይቁም። የጠየቀ ይሞታል።

በሩ ተከፈተ።

ሙሉሰው ነበር። እዚህ ያስገባት የገዛ የስለላ አለቃዋ።

«ምነው አያ አላምረው፣ ሰላይ ጎንህ አስቀምጠህ?»

ሸጧታል።

አላምረው ግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ ይዞ በሽጉጡ እጀታ ወረደበት። ጣቶቿ ሲሰበሩ ሰማቻቸው። በቀኟ የመላኪያውን ቁልፍ ተጫነች።

በሩ ላይ የቆመው ታጣቂ፣ የሻው፣ ስልኩ ነዘረ። አነበበ። ቀና ብሎ አዛዡን አየው።

«አያ… ይቅር በለኝ።»

ክላሹ አጓራ። የአላምረው ደረት ተበሳሳ። እየወደቀ የተኮሰው ጥይት የየሻውን ጉሮሮ በጠሰው። ሙሉሰው ሽጉጡን መዞ ተኮሰ። ትከሻዋን መታት። ዳግማዊት ወለሉ ላይ ወድቃ ከአላምረው እጅ ሽጉጡን ነጠቀች።

«ቆይ፣ እንነጋገር!»

ሦስት ጊዜ ተኮሰች። ሦስቱንም ፊቱ ላይ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘጠኝ አጋቾች እርስ በርስ ተገዳድለው ተገኙ። የቀሩት ተያዙ። አሥራ አንዱ ምስክሮች በማግስቱ ችሎት ቆሙ።

በሦስተኛው ቀን ዳግማዊት በፋሻ የተጠቀለለ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ደባርቅ፣ ለቅሶ ቤት፣ ጥግ ላይ ተቀመጠች። የመንበረ ባል አጠገቧ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«እኅቴ፣ አላወቅሁሽም። ታውቂያት ነበር?»

«በስም ብቻ። እግዜር ያጥናችሁ።»

ሌሎች ለቅሶ ደራሾች ሲገቡ ተነሥታ ቦታዋን ለቀቀችላቸው። ወደ ጎንደር የምትሄድ ሚኒባስ አገኘች፤ የኋላ ወንበር ላይ፣ በሁለት ገበያተኞች መሃል ተቀመጠች። ማንም ዞሮ አላያትም።