የሌንሱን ክዳን ማን ገጠመው?

ሳዋታሪ የሞተው በገዛ ቤቱ ጓሮ፣ የማገዶ ቁልሉ ሥር ነው። የሰኔው ዝናብ ድንገት ሲወርድ እህቱ ኪኑዮ የተሰጣ አንሶላ ልታስገባ ሮጠች፤ ወንድሟን በጀርባው ተንጋሎ አገኘችው። ዓይኖቹ እንደተከፈቱ ነው፤ በቀኝ እጁ እርሳስ ጨብጧል። ከላዩ፣ ሦስት ፎቅ ከፍ ብሎ፣ ሰማይ የሚያይበት የእንጨት መደብ ከጣሪያው ወጣ ብሎ ይታያል።

ኢንስፔክተር ናሩሴ ከናጋኖ ከተማ ተጠርታ ተራራው ላይ ወዳለው የሳዋታሪ የፍል ውሃ ማረፊያ ስትደርስ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ጡረታዋ የተቃረበ፣ አጠር ያለች፣ ሰው ስታናግር ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። የመንደሩ ፖሊስ ኡሱዪ ጃንጥላ ይዞ በር ላይ ተቀበላት።

«አዳልጧቸው ነው፣ ኢንስፔክተር። ሽማግሌ ሰው፣ እርጥብ ሳንቃ። በከንቱ ደከሙ።»

ናሩሴ በቀጥታ ወደ ጓሮው ዘለቀች። አስከሬኑን ከሸራው ሥር አንስተው ቃሬዛ ላይ እስኪያስተኙት ጠበቀችና የተኛበትን መሬት በመዳፏ ዳሰሰች።

«ና እስቲ አንተም ንካው።»

«ደረቅ ነው።»

«ደረቅ ነው። እሱ የወደቀው ከዝናቡ በፊት ነዋ። እርጥብ ሳንቃህ የት ገባ?»

ጣሪያው ላይ ቴሌስኮፗ ለብቻዋ ቆማለች፤ ቀለሟ የደበዘዘ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ነጭ ቱቦ። ፀሐይን የሚመለከቱ ሰዎች ዓይናቸውን አይደቅኑባትም፤ ምስሏን ወረቀት ላይ ያወርዱና ጥቁር ነጥቦቿን በእርሳስ ይነድፋሉ። ሳዋታሪም ከቴሌስኮፗ ግርጌ ወረቀት ወጥሮ ነበር። ሁለት ነጥብ ነድፏል፤ ሦስተኛው ተጀምሮ ቀርቷል። ፊት ለፊት ያለው የሌንሱ ክዳን ግን ጥብቅ ብሎ ተገጥሟል።

«ክዳኑ ከተገጠመ ፀሐይዋ ወረቀቱ ላይ ትወርዳለች?»

«እንዴት ብላ! ይጨልማል እንጂ።»

«ታዲያ ሰውዬው የጨለመ ወረቀት ላይ ሊነድፍ ነው እርሳሱን ይዞ የቀረው?»

ኡሱዪ ጃንጥላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ናሩሴ ጓንቷን አጥልቃ ክዳኑን ቀስ ብላ ነቀለችው። ከውስጥ አንዲት ትንሽ ነጭ ከረጢት መዳፏ ላይ ወደቀች፤ ርጥበት እንድትመጥ የታሸጉ ምግቦች ውስጥ የምትጨመረው ዓይነት ናት። «አይበላም» የሚል ጽሑፍና የቀይ ሽመላ ማኅተም አለባት። የሌንሱ ፊት አንዲት ጠብታ አልነካውም። ከመስታወቱ ውስጥ ግን ሻጋታ እንደ ሣር ሥር ተሰራጭቷል፤ የአንድና የሁለት ዓመት ሥራ አይመስልም።

ኪኑዮ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ያልታጠበ ሲኒ ታገላብጣለች።

«ሽመላዋ የእንግዳችን የሂሳኖ የሩዝ ብስኩት ናት» አለች ከረጢቷን አይታ። «ለስጦታ ያመጣችው። ዛሬ ጠዋት ለሻይ እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

«ወንድምዎ ያኔ የት ነበሩ?»

«ቀድሞን ጣሪያ ወጥቷል። ‹ፀሐይቱን አዘጋጅቼ እጠራችኋለሁ› ብሎ። ሻይ እንኳ አልቀመሰም።»

«ከሻይ በኋላስ?»

«ተበተኑ። ሂሳኖ ወደ ፍል ውሃው፣ ዶክተር ኢኖኩማ ወደ ክፍሉ፣ ታኩዞ ሲጋራውን ይዞ ወደ አትክልቱ። ጣሪያ የወጣ የለም ይላሉ ሦስቱም እንግዶች።»

የቴሌስኮፗን ነገር ኪኑዮ ሳትጠየቅ ነገረቻት። መጀመሪያ የታኩዞ ነበረች፤ ከሱ ወደ ሂሳኖ፣ ከሂሳኖ ወደ ኢኖኩማ፣ ከኢኖኩማ ወደ ሳዋታሪ ተላልፋለች። አንዱ ሲቸግረው ለሌላው ይለቃታል እንጂ ከአራቱ ጓደኛሞች እጅ ወጥታ አታውቅም። በየሰኔው፣ ሰማዩ ሲዘጋ፣ እዚሁ ይሰበሰቡና ድሮ ስለነበሯቸው ቴሌስኮፖች ሲያወሩ ያመሻሉ። ዘንድሮ ሳዋታሪ «ከጣሪያዬ ልትወርድ ነው፣ ኑ» ብሎ ደወለላቸው። ሦስቱም ለኔ ይመልስልኛል ብለው መጡ።

«ትናንት ራት ላይ ምን አለ መሰለዎት? ‹ሌንሷን አውልቄ የእንግዳ መቀበያው መብራት ማቆሚያ አደርጋታለሁ።› ብሎ ሳቀ። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም። ወንድሜ ነው፣ ግን እኔም አፍሬበታለሁ።»

ናሩሴ ማንንም «የት ነበሩ?» ብላ አልጠየቀችም። የት እንደነበሩ አጥንተው የመጡ ሰዎችን መጠየቅ ድካም ነው። ለሦስቱም ያቀረበችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «የእርስዎ በነበረች ጊዜ እንዴት ነበረች?» የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው እንደሚባለው፣ ከእጅ የወጣች ቴሌስኮፕም እንከን አይወጣላትም። ሦስቱም አፋቸው ተፈታ።

ሂሳኖ ጡረታ የወጣች የሙዚቃ መምህር ናት።

«የሳተርን ቀለበት በሷ ያየሁ ለት ጮኬ ጎረቤት ቀስቅሻለሁ! በዝናቡ ወር ከኪሞኖዎቼ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ አስተኛት ነበር። ባሌ ‹ከኔ ይልቅ እሷን ታለብሻለሽ› እያለ ይቀና ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ምን ነበር የሚያለብሷት?»

«ሌንሷ ላይ ሐር ጨርቅ፣ በላዩ ክዳኑን። ሌላ ነገርማ በሞቴ! ይቧጭራታል።»

ታኩዞ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው፤ ጣቶቹ ከውሃ ብዛት ነጥተዋል። ወለሉን እያየ ጀመረ።

«ቶፉ ቤት ምኑ ይደርቃል? ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ሻጋታ ይበላብኛል ብዬ በሰኔ እንቅልፍ አልነበረኝም። መላውን ያመጣችው ሚስቴ ናት። የሩዝ ብስኩት ጥርሷን ያማታል፤ ግን ለቴሌስኮፗ ስትል ትገዛለች፣ ትበላለች። ታማ እህል አልወርድ ሲላት እንኳ ሻይ ውስጥ እየነከረች በላችው። ‹አዲስ ያስፈልጋታል፣ የድሮዋ አርጅታለች› ትለኝ ነበር።» ሁለት ጣቱን አጣምሮ፣ የማይታይ ነገር የማይታይ ጠርዝ ሥር ሸጎጥ አደረገ። «ኋላ ለሐኪም ስል ቴሌስኮፗን ለቀቅኳት። ሚስቴም አልተረፈች።»

ናሩሴ ጣቶቹን አየች። ሌላ አልጠየቀችውም።

የጥርስ ሐኪሙ ኢኖኩማ ገና ሳይቀመጥ ነው የተቆጣው።

«እኔ እንደነሱ አላላዝንም! በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማድረቂያ ሳጥን አሠርቼላት ነበር። የኔን ቤት ያህል ምቾት የትም አላገኘችም። ዓይኔን ሞራ ጋረደኝና ለዚያ ሰው ሰጠሁት። ትናንት ‹መብራት› ሲል ጥርሱን ያለማደንዘዣ ልነቅልለት አምሮኝ ነበር። ይጻፉት!»

«ጽፌዋለሁ፣ ዶክተር።»

ዝናቡ ሲያባራ ሁሉንም መመገቢያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። የሳዋታሪ መቀመጫ ባዶ ነው። ናሩሴ የተጋመሰውን የብስኩት ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አቶ ሳዋታሪ አላዳለጣቸውም። ሲወድቁ ሳንቃው ደረቅ ነበር። ንድፋቸውንም አልጨረሱም፤ እርሳሱ እጃቸው ላይ ነው። የሚነድፍ ሰው ክዳን አይገጥምም። ክዳኑ የተገጠመው እሳቸው ከወደቁ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ነው። ሌንሱ ላይ ጠብታ የለም።»

«ሌላ ሰው ኋላ ወጥቶ ቢገጥመውስ?» አለ ኢኖኩማ።

«ያ ሰው ንጹሕ ቢሆን ባለቤቱ የት ሄደ ብሎ ይጣራ ነበር። እናንተ ግን ሦስታችሁም አልወጣንም ነው ያላችሁኝ።» ከረጢቷን ከጥቅሉ አጠገብ አስቀመጠች። «ይቺ ክዳኑ ውስጥ ነበረች። ጥቅሉ ሲከፈት አቶ ሳዋታሪ ጣሪያ ላይ ናቸው። ያወጣት ከሻይ ጠጪዎቹ አንዱ ነው።»

ኡሱዪ ዓይኑን ሂሳኖ ላይ ተከለ።

«ምን ታፈጥብኛለህ አንተ? ብስኩቱን ስላመጣሁ?»

«እሷን ተዋት» አለች ናሩሴ። «ሰው የገፋ ሰው ይሮጣል። ይሄኛው ግን ደመናውን አይቶ መጀመሪያ ሌንሱን ከደነ።»

«ማናችንም ብንሆን እናደርገዋለን» አለ ኢኖኩማ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ክዳን ነው።»

«ክዳኑንማ ሦስታችሁም ትገጥማላችሁ። መምህርቷ ግን ከሐር ሌላ ነገር ሌንስ አጠገብ አያስጠጉም። እርስዎ በማድረቂያ ሳጥን ነበር የሚያስተኟት። የብስኩት ከረጢት ከክዳኑ ሥር የሚሸጉጥ፣ በሻይ ሰዓት ከጥቅሉ ስትወድቅ ሲያያት ሳያስበው ኪሱ የሚከት እጅ አንድ ነው። ሚስቱ ለዚያች ከረጢት ስትል ጥርሷ እያመማት ብስኩት ትበላ ነበር።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ታኩዞ የነጡ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው።

«ታኩዞ፣ አይደለሁም በል እንጂ!» አለች ሂሳኖ።

«ልቀማው አልነበረም የወጣሁት። ሳይፈታት አንዴ ልያት ብዬ ነው» አለ። «ፀሐይዋ ሌንሷ ላይ ስታበራ ሻጋታውን አየሁት። ‹ሳዋታሪ፣ ምን አደረግካት?› አልኩት። ‹ለመብራት ምን ያደርጋል?› አለኝ፤ እርሳሱን ሳያነሳ፣ ዞር ሳይል። እንዲያየኝ ፈልጌ ትከሻውን ያዝኩት። አልዞርም አለኝ። ገፋሁት። ሚስቴ አፏ እየቆሰለ ያቆየቻት ናት እኮ!»

ኪኑዮ አፏን በመጎናጸፊያዋ ሸፈነች። ኢኖኩማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሌንሷ እንዳትድን ሆና መበላሸቷን አይተዋል» አለች ናሩሴ። «ታዲያ ከረጢቷን ለምን ጨመሩላት?»

ታኩዞ ጥያቄው ያልገባው ሰው መሰለ።

«ዝናብ መጣ» አላት።

ናሩሴ በሥራ ዘመኗ ብዙ ሰው አናዝዛለች፤ ብዙዎቹን ሲዋሹ ነው የያዘቻቸው። ይህኛውን የያዘችው ከልቡ እውነት ሲነግራት ነው። ሚስቱን የወደደበትን ወሬ ገመድ አድርጋ ስታስረው ውስጧን መረራት።

ኡሱዪ ቴሌስኮፗን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ የፖሊስ መኪናው ላይ ሲጭን ታኩዞ በሩ ላይ ቆሞ ተመለከተ።

«ወዴት ትወስዷታላችሁ?»

«ጣቢያ። ማስረጃ ናት» አለችው ናሩሴ።

«ከረጢቷስ?»

«እሷም ማስረጃ ናት። ለየብቻ ነው የሚቀመጡት።»

«የምታስቀምጡበት ክፍል ደረቅ ነው?»

የጣቢያው የማስረጃ ክፍል ከምድር በታች ነው። በየሰኔው ግድግዳው ውሃ ያነባል፣ መዝገቡና ልብሱ ይሻግታል፤ ናሩሴ ራሷ ስለዚህ ስታመለክት ዓመታት አልፈዋል።

«ደረቅ ነው» አለችው።

ታኩዞ እጁ እንደታሰረ፣ ወገቡን አጥፎ ዝቅ ብሎ አመሰገናት።