የአለበል ቤት ለምን አልሸጥ አለ

ወለቃ ላይ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ግድግዳው ድንጋይ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ቤት አለ። ጓሮው ሰፊ ነው፤ ውኃም መብራትም ገብቶለታል፤ ካርታውም የተሟላ ነው። ጎንደር ፒያሳ ድረስ በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እንዲህ ያለ ቤት ለሽያጭ ሲወጣ ሳምንት አይቆይም። ይኼኛው ግን በሩ ላይ «የሚሸጥ ቤት» ተብሎ በቀለም ከተጻፈበት አምስት ወር ሞልቶታል።

በቤቱ የሚኖሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። እንኳየሁ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ድንች የምትሸጥ የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት። አባቷ አያ ክንዱ ሰማንያን እየተጠጉ ነው። ልጇ ምስጢር ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ግን ከአልጋዋ ተነሥታ እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ማረፍ አለባት። ቫልቭ የሚሉት የልቧ መዝጊያ ተበላሽቷል። አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ስሟ ከተመዘገበ ሁለት ዓመት አለፈ፤ አሁን ቀኗ ደርሶ እናቷ «የካቲት አሥራ አምስት ይዘሻት ነይ» ተብላለች። ለጉዞው፣ ለመድኃኒቱ፣ ከሕክምናው በኋላም አዲስ አበባ ለወራት ለመቆየት የሚሆን ነገር ከዚህ ቤት በቀር የላቸውም። ያ ቀን ካለፈ ሌላ ቀን መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም።

ገዢ ሳይመጣ ቀርቶ አይደለም። ይመጣል፤ ጓሮውን በእርምጃ ይለካል፤ ግድግዳውን በእጁ መታ መታ ያደርጋል፤ «ሸጋ ቤት ነው» ይላል፤ ነገ ቀብድ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ይሰናበታል። ከዚያ መንገድ ዳር ቆሞ ባጃጅ ሲጠብቅ ከአንዱ ጎረቤት ጋር ይጫወታል። በቃ፣ ነገ አይመጣም።

«እትዬ እንኳየሁ፣ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት» አላት ደላላው መልካሙ አንድ ቀን። «በአንድ ቀን ሦስት መቶ ሰው አየው።»

«ታዲያ ማን ደወለ?»

«ደዋይማ የለም። ከሥሩ የጻፉትን ላንብብልሽ? ‹ይሄ የቡዳው ቤት አይደል እንዴ› ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ ‹ከነገዢው ይበላል› ብሎ ይስቃል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱን የሠራው አለበል የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ወለቃ ያኔ የቤተ እስራኤል መንደር ናት፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። አገሬው እነሱ በሠሩት ማረሻ እያረሰ፣ እነሱ በሠሩት ጋን ጠላ እየጠመቀ፣ ሠሪዎቹን ግን ቡዳ ይላቸው ነበር። በ1983 ዓ.ም. አለበል ቤተሰቡን ይዞ ወደ እስራኤል ሲሄድ ቤቱን አያ ክንዱ ገዙት። ከዚያ ወዲህ በመንደሩ የሚወራው አንድ ነው፦ አመሻሽ ላይ ከጓሮው የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፤ ባለእጁ አገር ቢለቅም መንፈሱ ቤቱን አልለቀቀም፤ በዚያ ቤት የሚኖር ሰው ቀስ በቀስ ይበላል።

እንኳየሁ ወደዚህ ቤት ስትገባ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ድምፁን ሰምተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብትባል አዎም አይደለምም ለማለት ይቸግራታል። ቆርቆሮ ቀን ሞቆ ማታ ሲበርድ ይጮኻል። ይህን ታውቃለች። ግን እያወቀችም ትደነግጣለች። ባሏ «እዚህ ቤት እንቅልፍ እንቢ አለኝ» ብሎ ወደ መተማ እንደሄደ ሳይመለስ ሲቀር መንደሩ ቤቱን ወቀሰ። እዚያ ሌላ ሚስት ማግባቱ በተሰማ ጊዜ እንኳ ጥፋቱ የቤቱ ሆነ።

ምስጢር ስድስት ዓመት ሲሆናት ጉሮሮዋ ያብጥ፣ ትኩሳትም ያንዘፈዝፋት ጀመር። እንኳየሁ ልጇን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ ልትሄድ በሩ ላይ ስትደርስ ጎረቤቷ እማማ ወለተ ሚካኤል አገኟት።

«ወዴት ነው? የቡዳን ሕመም መርፌ ያብሰዋል፤ ልጅቱን ልትገድያት ነው?»

እንኳየሁ ከበሩ ተመለሰች። ለልጇ ክታብ አሰረችላት። ትኩሳቱ በአራተኛው ቀን ሲለቃት ክታቡ ሠራ ተባለ። በዓመቱ ጉልበቷና ክርኗ አበጠ፤ ሁለተኛ ክታብ ተጨመረ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት፤ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ወደቀችና አስተማሪዎቿ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐኪሙ አንገቷ ላይ ያሉትን ሦስት ክታቦች አየ፤ ልቧንም አዳመጠ።

«ቶንሲል ነበር» አለ። «በጊዜው ቢታከም ኖሮ ልቧ ጋ አይደርስም ነበር።»

እንኳየሁ ሰማችው፤ አመነችውም። «ቶንሲሉንስ ማን ላከባት?» የሚለው ጥያቄ ግን ከውስጧ አልወጣም።

ጥር ሲገባ መልካሙ አንድ ዘዴ ይዞ መጣ። «ከሩቅ የመጣ ሰው እንፈልግ። እኔ ራሴ በባጃጅ አምጥቼ በባጃጅ እመልሰዋለሁ፤ ከጎረቤት ጋር አይገናኝም።»

«ከገዛ በኋላ ሲሰማስ?»

«ከገዛ በኋላማ ቤቱም የራሱ፣ ቡዳውም የራሱ ነው!» ብሎ ሳቀ።

እንኳየሁ አልሳቀችም። ግን እሺ አለች።

በሳምንቱ ፀደይ የምትባል መምህርት አመጣ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣች፣ የሁለት ዓመት ልጇን ያዘለች ወጣት ናት። ክፍሎቹን አየች፣ መስኮቶቹን ከፍታ ዘጋች፣ ወደ ጓሮም ወጥታ ተመለሰች። ከዚያ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ መደቡ ላይ አስቀመጠችና ጠየቀች።

«እትዬ፣ ለምን ይሸጡታል?»

«ለልጄ ሕክምና ነው።»

«እግዜር ይማርልዎት። ቤቱስ፣ ጎርፍም ይሁን የድንበር ክርክር፣ ኋላ የሚያስቆጨኝ ነገር አለው?»

መልካሙ ጉሮሮውን ጠረገ። እንኳየሁ መደቡ ላይ የተቀመጠውን ሕፃን ተመለከተች። «ምንም የለውም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

«እኔ እንጃ» አለች።

«እንዴት እንጃ? እዚሁ አይደል የኖሩት?»

«ሰው ይላል… ይባላል። እኔ ግን አላውቀውም። አለ እንዳልልሽ፣ አላየሁም። የለም እንዳልልሽ፣ ልጅ ይዘሻል።»

«ኧረ እትዬ! ምን ነካሽ?» አለ መልካሙ።

በዚህ ጊዜ ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩት አያ ክንዱ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«የለም» አሉ። «ምንም የለም። እኔ ነኝ ያወራሁት።»

ሁሉም ዞረው አዩአቸው።

«አለበል ይህን ቤት ሊሸጥ ሲነሣ አራት ገዢ ነበርን። ሦስቱ ሀብታሞች ናቸው፤ እኔ አንድ በሬ ነበረኝ። ገበያ ወጥቼ ለአንዱ ‹ትናንት ሲመሽ ሰው በሌለበት ጓሮ ብረት ሲቀጠቀጥ ሰማሁ› አልኩት። ከዚህ ሌላ አልተናገርኩም። የቀረውን እነሱው ጨመሩበት። በሳምንቱ ገዢው እኔ ብቻ ሆንኩ።»

«አለበልስ አላወቀም?» አለች ፀደይ።

«አወቀ እንጂ። ቁልፉን ሲሰጠኝ ‹ክንዱ፣ ዋጋ ቀንስልኝ ብትለኝ እቀንስልህ ነበር፤ ምነው በቤቱ ላይ ስሜን ጨምረህ ወሰድክብኝ?› አለኝ። ቁልፉን ተቀበልኩ። እሱም ዞሮ ሄደ።»

እንኳየሁ መደቡ ላይ ተቀመጠች። «አባባ፣ ለምስጢር ክታብ ሳስር አጠገቤ ነበሩ።»

«ነበርኩ።»

«ምነው ታዲያ ዝም አሉ?»

«ልናገር እነሣና ይጠፋብኛል፣ ልጄ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ሁሉ ሲለው እኔም መስማት ጀመርኩ። በኋላ ያወራሁትን ነው የምሰማው ወይስ የሰማሁትን ነው ያወራሁት፣ መለየት አቃተኝ። ምናልባት ሳላውቀው እውነት ተናግሬ ይሆናል እላለሁ። ደግሞ ልጅቱ ስትታመም ‹ይኸው፣ እውነት ነበር› አልኩ። ውሸታም ከምሆን እውነት ቢሆን ሳይሻለኝ አልቀረም።»

ፀደይ ልጇን መልሳ አዘለች። «ላስብበት» ብላ ወጣች። መልካሙም ተከትሏት ሲወጣ «አያ፣ ዛሬስ ጨረሱን» አለ።

እንኳየሁ ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፈችው እሷም አታውቀውም። ሠላሳ አራት ዓመት የፈራችው ነገር የለም ሲባል ሊቀላት ይገባ ነበር፤ ይባስ ብሎ ከበዳት። በማን ትናደድ? አባቷ የተናገሩት አንዲት ነገር ናት። መንደሩ ያንን አሳደገ። ጎረቤት ለበጎ ብላ መከረቻት። ከበሩ የተመለሰው ግን የራሷ እግር ነው። ለአባቷ ምግብ ታቀርባለች፣ እጃቸውን ታስታጥባለች፤ አታናግራቸውም። ማታ ቆርቆሮው ሲጮኽ ደግሞ፣ ሁሉን ካወቀች በኋላም፣ ልቧ ድንግጥ ይላል። ይኼ ራሷንም ግራ ያጋባታል።

አያ ክንዱ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ወልደ ዮሐንስ ሄዱ። አባ ሰምተው ሲያበቁ «ለእኔ መናገርህ ለነፍስህ ይሆናል» አሏቸው። «ወሬውን የነገርከው ግን ለእኔ አልነበረም። ለነገርካቸው ሰዎች ንገር።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ማኅበር በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰብስቦ ዳቦው ሲቆረስ፣ አያ ክንዱ ተነሥተው ሁሉንም ተናገሩ። ገበያውን፣ በሬውን፣ አለበል ቁልፉን ሲሰጣቸው ያላቸውን ጭምር። ሲጨርሱ እማማ ወለተ ሚካኤል አማተቡ።

«አያችሁልኝ? ሽማግሌውንም አዞረባቸው! ራሱ ቤቱ ነው የሚያናግራቸው።»

«ምን ቤቱ! ለመሸጫ እኮ ነው» አለ አንድ ጎልማሳ። «አያ፣ ገዢ ሲጠፋ ቡዳውን ካዱት?»

ሰው ሳቀ። አያ ክንዱ ምርኩዛቸውን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ፤ ይቀመጡ ወይ ይሂዱ አላወቁም።

እንኳየሁ በሰው ፊት ተናግራ የምታውቅ ሴት አይደለችም። ከሴቶቹ መካከል እንዴት እንደተነሣች ኋላም አታስታውሰውም።

«ለመሸጫ ላልከው፣ ወንድሜ፣ የመጣችው ገዢ ይህንኑ ሰምታ ሄዳለች» አለች። «እማማ፣ እኔ ቤቱ አይደለም የምለው አባቴን አምኜ አይደለም። ሐኪሙ ከሁለት ዓመት በፊት ነግሮኝ ነበር። አልሰማሁትም፤ እናንተን ስሰማ ነበርኩ። አለበል ማረሻ ሠራላችሁ፤ የማንንም ልጅ አልነካም። የእኔን ልጅ ሐኪም ቤት እንዳትደርስ ያደረግናት እኛ ነን።» ከዚያ የአባቷን ክንድ ይዛ አስቀመጠቻቸው። ከሳምንት በኋላ የነካቻቸው ያኔ ነው።

አንዳንዱ አመነ፤ አንዳንዱ እስከ ዛሬም አላመነም።

ማክሰኞ ፀደይ ብቻዋን፣ ያለ ደላላ መጣች።

«ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን» አለች። «ብዙ ቤት አይተናል። ሁሉም ‹እንከን የለውም› ይሉናል። ስሙን የሚያጠፋውን በገዛ አፉ የነገረን ይህ ቤት ብቻ ነው። ስለ ጎርፉም ስለ ድንበሩም የሚነግሩኝን የማምነው ለዚህ ነው።» ዋጋው ላይ ትንሽ ተከራከረች፤ ተስማሙ። ልትወጣ ስትል ግን ዘወር አለች። «ሰው የማን ቤት ነው ሲለኝ ምን ልበለው?»

«አለበል የሚባል ቀጥቃጭ ሠራው በይ» አለች እንኳየሁ። «ይህን ሁሉ ክረምት ግድግዳው ያልሰነጠቀው እሱ ስለሠራው ነው።»

የካቲት አሥራ አምስት እናትና ልጅ አዲስ አበባ ነበሩ። ምስጢር ሰኔ ላይ ስትመለስ በደረቷ መሐል ረዥም ጠባሳ አለ፤ ግን ከአውቶቡስ ወርዳ ተከራይተው እስከገቡበት ቤት አንድ ጊዜም ሳታርፍ በእግሯ ሄደች። ጤናዋ እንዲጠበቅ በየወሩ መርፌ መወጋት አለባት።

በሐምሌ ለዚሁ መርፌ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ፣ በሩ ላይ አንዲት ወጣት እናት ትኩሳት ያለበት ልጅ በነጠላ ሸፍና ቆማ አዩ። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ትላለች፤ መልሳ ወደ ኋላ ትላለች። የልጁ አንገት ላይ አዲስ ክታብ ታስሯል።

«ምን ሆነሽ ነው፣ እታለም?» አለቻት እንኳየሁ።

«ጉሮሮው አብጦ ነው። አማቴ ግን ሰው በልቶት ነው፣ መርፌ እንዳታስወጊው ብላኛለች። እኔ እንጃ፤ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።»

«የእኔንም ልጅ ተበልታለች ብለውኝ ነበር። ያቻትልሽ።»

ወጣቷ ምስጢርን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ታዲያ ማን ኖሯል የበላት?»

«እኛው» አለች እንኳየሁ። ልጁን ከእጇ ተቀብላ አቀፈችው፤ በልብሱ ላይ እንኳ ትኩሳቱ ይፋጃል። «ነይ፣ ተከተይኝ፤ አብረን እንግባ።»