ፈቀድኩልሽ እንጂ መቼ ተውኩሽ

እናቷ የሳምቡሳውን ነገር እንዴት አወቀች?

ሰብሊ የጠቀለለችውን ጉርሻ እንደያዘች ቀረች። «የመንገድ ሳምቡሳ ባትበዪ ደስ ይለኛል፤ በኋላ ሆድሽን ያምሻል» ነበር እናቷ ያለቻት፣ ሽሮውን ወደ እሷ እያስጠጋች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ኦሎምፒያ ጋ ሳምቡሳ መብላቷን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቤዛዊት። አንድ ክፍል ናቸው፣ ከየካ አባዶም አብረው ነው የሚመላለሱት።

ታክሲ የተፈቀደላት ዘንድሮ፣ አሥረኛ ክፍል ስትገባ ነው። እስከ አምና በትምህርት ቤቱ ሰርቪስ፣ ከኬጂ ሕፃናት ጋር ተጨናንቃ ነበር የምትሄደው። ሹፌሩ በር ከፍቶ ሲያወርዳት የክፍሏ ልጆች «ሚጣ መጣች» እያሉ ይስቁባታል። እናቷ «በቃ፣ አድገሻል» ያለቻት ቀን በደስታ የምትሆነውን አጥታ ነበር።

እናቷ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ጠረጴዛው ላይ የተወችው ስልክ በራ። የቤዛዊት ስም። ሰብሊ ከፈተችው።

«ዛሬ ጋቢና ነው የተቀመጠችው፣ እትዬ የሺ። ከማንም ጋር አላወራችም።»

ከዚያ በላይ የትናንቱ አለ፤ ከትናንት ወዲያውም። ጣቷ ወደ ላይ ቢስብ ቢስብ መስከረም ድረስ አላለቀም።

እናቷ ስትመለስ አልደነገጠችም። ስልኩን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደች።

«ፈቀድኩልሽ እንጂ መቼ ተውኩሽ?»

በማግስቱ ጠዋት የታክሲ ሰልፉ ላይ ቤዛዊት ቦታ ይዛላት ነበር። ስትጠይቃት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ጫማዋን ማየት ጀመረች። እትዬ የሺ «በየቀኑ ካልነገርሽኝ ወደ ሰርቪሷ እመልሳታለሁ» ብለዋታል።

«እምቢ ብላቸው እስካሁን ከሕፃናቱ ጋር ነበርሽ እኮ። ላንቺ ብዬ ነው፣ እናቴን።»

«ለኔ ብለሽ ከሆነ ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?»

ሚኒባሱ መጣ። ቤዛዊት ገብታ አጠገቧ ያለውን ወንበር በቦርሳዋ ያዘችላት። ሰብሊ ግን ከኋላዋ ለቆሙት ሴትዮ ተራዋን ለቀቀች።

«ቆንጆ፣ ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?» አላት ረዳቱ።

«እቀራለሁ።»

በሚቀጥለው ታክሲ መስኮት ጋ ተቀምጣ ለእናቷ መጻፍ ጀመረች። ይህን መላክ ነገ ወደ ሰርቪስ ሊመልሳት እንደሚችል አልጠፋትም። ሁለቴ አጠፋችው፣ ሁለቴ መልሳ ጻፈችው።

«እማ፣ ዛሬ ከቤዛ ጋር አይደለሁም። ከዛሬ ጀምሮ የት እንዳለሁ የምነግርሽ እኔ ነኝ።»

ላከችው። መነበቡ ወዲያው ታየ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ «ደረስኩ» ብላ ጨመረች፤ እሱም ተነበበ። እስከ ምሳ ሰዓት ስልኳን ስትከፍት ስትዘጋ ቆየች። መልስ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።