ማክሰኞ ባሕር የወጣው አባት

«ደግመሽ ክፈቺው» አለች አጆዋ።

«አቦ አታካብጂ፤ ስንቴ ልክፈትልሽ?» አለች ጓደኛዋ ማንሳ። ቢሆንም ስልኩን ነካችው።

ቪዲዮው ላይ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ታየች። ፈገግታዋ ያምራል፤ እንዲያውም ማማሩ በዝቷል። «ኤኩዋ እባላለሁ። የኤልሚና ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ» አለች። «ባለፈው ማክሰኞ አባቴ ዓሣ ሊያጠምድ ባሕር እንደወጣ ስልኬ ጮኸ። ነፃ ታብሌት ደርሶኝ ነበር። እናንተም የወላጆቻችሁን መታወቂያና ስልክ ቁጥር አስገብታችሁ ተመዝገቡ።»

«ዛሬ ለግሩፑ ስትልኪ ይሄን መጀመሪያ አድርጊው» አለች ማንሳ። «ልጅቷ የአክስቴ ልጅ ናት። በደንብ አውቃታለሁ።»

አጆዋ የኢንተርኔት ወሬ ለቃሚ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ከስልክ ስልክ ሲዞር የከረመውን ሰብስባ፣ በራሷ ድምፅ ቀድታ ለሰፈሩ ግሩፕ ትልካለች። ለየትኛው ዘፈን አዲስ ዳንስ እንደወጣለት፣ የትኛው መተግበሪያ ምን እንደጨመረ፣ የትኛው ፎቶ በማሽን እንደተፈበረከ ትናገራለች። የምትልከው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ነው። ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ በኤልሚና ዳርቻ እንደ ልማዱ ማንም መረብ አይጥልም። ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ይደረደራሉ፤ ሰዉም በዳርቻው ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር መረብ እየጠገነ እሷን ያዳምጣል። ስትጨርስ ሁልጊዜ «ሳታጣሩ አታስተላልፉ» ትላለች። በሰፈሩ «አጆዋ ካለችው አለቀ» ይባላል። ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ምግብ የምትሸጠው እናቷማ ልጇ ያለችውን ሁሉ ያለ ጥያቄ ትቀበላለች።

ዛሬ ግን ነገሩ አልጥም አላት። የማንሳን አክስት ልጆች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ይህችን አይታት አታውቅም። ደግሞ የልጅነት ጓደኛዋን በመጠርጠሯ አፈረች። አፈረች እንጂ ጥርጣሬው አልለቀቃትም።

«አባትሽ አሁን የት ናቸው?» አለቻት ድንገት።

«ዛፉ ሥር ነዋ፣ መረብ ይጠግናል። ማክሰኞ ደግሞ የት ሊሄድ...» ማንሳ የጀመረችው አፏ ላይ ቀረ።

አጆዋ ወደ ስልኩ ጠቆመች።

«የአክስትሽ ባል ታዲያ ማክሰኞ ባሕር ምን አስወጣቸው?»

«ተሳስታ ይሆናል። ሰው አይሳሳትም እንዴ?»

«የዓሣ አጥማጅ ልጅ በዚህ አትሳሳትም። አንቺም አትሳሳቺም። ማክሰኞ ስትል ሰምተሻል አይደል?»

ማንሳ ጥፍሯን መንከስ ጀመረች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አላደረም። «የአክስቴ ልጅ አይደለችም» አለች ቀስ ብላ። «እውነተኛ ሰው መሆኗንም እኔ እንጃ። እሑድ ተመዘገብኩ። የአባዬን መታወቂያና ቁጥር ሰጠሁ። በስልኩ ኮድ ሲመጣ እሱንም ለሚመዘግቡት ሰዎች አነበብኩላቸውና መልእክቱን አጠፋሁት። ከዚያ ሃያ ሰው ካላመጣሽ ዕድልሽ ይሰረዛል አሉኝ።»

«ስለዚህ ወደ እኔ መጣሽ።»

«አንቺ ብታወሪው በአንድ ምሽት ይሞላ ነበር። ማክሰኞ ያለችውን ዛሬ ጠዋት ነው ልብ ያልኩት። ሰምቼም እውነት ቢሆንልኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

አጆዋ ደሟ ፈላ። «የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እናቴ ትሆን ነበር» አለች። «በኔ ድምፅ እናቴን ልታዘርፊ ነበር።»

አጆዋ ስልኳን አውጥታ መቅዳት ጀመረች። «አጆዋ ነኝ። ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሰፈራችን ገብቷል...»

«ስሜን ታነሺዋለሽ?» አለች ማንሳ።

አጆዋ ቀረጻውን አቆመች። ስሟን ካላነሳች፣ የማንሳ አባት ቁጥራቸው ባዕድ እጅ መግባቱን አያውቁም። ካነሳች ደግሞ የልጃቸውን ጉድ ከሰው ሁሉ ጋር፣ በሰው ሁሉ ስልክ ሊሰሙት ነው። ወሬው እንደሆነ እስከዛሬ ከላከችው ሁሉ ይበልጣል፤ ሰፈሩ ለወር ያወራው ነበር። ያንን ማሰቧ ራሱ አስጠላት።

«ተነሺ» አለቻት። «እንሂድ።»

ዛፉ ሥር ሲደርሱ የማንሳ አባት፣ የሰፈሩ ልጆች አጎቴ ኤኮው የሚሏቸው፣ መረቡን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ነበር። ሌሎቹም ስልካቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ይጠብቃሉ።

«አጆዋ፣ ዛሬ ወሬሽ ዘገየብን» አሏት አጎቴ ኤኮው። «ኢንተርኔቱም እንደኛ ማክሰኞ ማረፍ ጀመረ እንዴ?»

ሰዎቹ ሳቁ። አጆዋ ግን አልሳቀችም።

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ አጎቴ። ማንሳ ለብቻዎ የምትነግርዎት አለ። ከዚያ እልካለሁ።»

ማንሳ ዞር ብላ አየቻት። አጆዋ ስልኳን ኪሷ ከተተችና አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ አጎቴ ኤኮው የለቀቁትን የመረብ ጫፍም ተቀብላ ያዘች። አባትና ልጅ ወደ ጀልባው ጥግ ሄዱ። አንዱ አጥማጅ «ምንድን ነው ነገሩ?» ብሎ ጠየቃት።

«ገና አልተላከም» አለች አጆዋ፣ ዓይኗን ከመረቡ ሳታነሳ።