ኪኒኑና የከርከዴው ጭማቂ

«ለምን ዝም አልክ?»

«ሽማግሌ ፊት ምን ልበል?»

በአጥር ማዶ ይህን ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ለመግሪብ ሰላት ውዱእ እየታጠብሁ ነበር፤ የጎረቤቴ ልጅ ኢሽራቃ ከአንድ ወጣት ጋር ቆማ ታለቅስ ነበር መሰለኝ። የቀረውን በኋላ ከሁለቱም አፍ ሰምቼዋለሁ።

ወጣቱ ሙዘሚል በከተማችን በኤል ኦበይድ ገበያ የዕፅዋት መድኃኒት ይሸጥ ነበር። የተዋወቁት ኢሽራቃ ለአባቷ ለሐጅ ባቢክር ከርከዴ፣ ተፈልቶ የሚጠጣውን ቀይ አበባ፣ ልትገዛ ስትሄድ ነው። የሐጁ ኮሌስትሮል ከፍ ብሎ ሐኪም ኪኒን አዞላቸዋል፤ ከርከዴው ግን «ያወርደዋል» ብሎ ሰው የነገራቸው ነው።

«ስኳር አታብዢበት» አላት አበባውን እየሰፈረ።

«ያለ ስኳር አባዬ ወደ አፉ አያደርሰውም።»

«እንግዲያው ፈገግ እያልሽ ስጫቸው።»

ፈገግ ላለማለት ታገለች፤ አልቻለችም። ከዚያ ወዲያ እነሱ ቤት ከርከዴ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር።

የሙዘሚል አጎቶች ልጅቷን ለእሱ ሊጠይቁ የመጡ ዕለት፣ እሱ ራሱ አፍልቶ ያወፈረውን የከርከዴ ጭማቂ በጠርሙስ ይዞ ጥግ ተቀመጠ። ሐጁ ጠርሙሱን ለእንግዶቹ ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ይህን የመሰለ አማች ካገኘሁ ኪኒኑን ልተወው አይደል፣ ልጄ?» አሉ ወደ ሙዘሚል ዞረው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጭማቂው ቢያግዝ ጥቂት ነው፤ ኪኒኑን አይተካም። ሙዘሚል ይህን ያውቃል። ግን ልጅ ሊለምን በገባበት ቤት የአባትየውን ቃል ማረም ነውር መሰለው። አንገቱን ደፋ። እኛ ዘንድ አንገት መድፋት እሺታ ነው።

ሐጁ ኪኒኑን ተዉ። ከጥቂት ወራት በኋላ መስጊድ ደጃፍ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። አላህ አተረፋቸው፤ ግን ከአልጋቸው ሆነው «ጭማቂውን አሳንሼው ነው» ብለው እጥፍ ይጠጡ ጀመር።

ያኔ ነው ኢሽራቃ አጥሩ ሥር የጠራችው።

«ያን ቀን በሰሙት ሰዎች ፊት ለአባዬ ንገረው።»

«አንቺን ቢከለክሉኝስ?»

«አንተን ባጣም አባቴ በሕይወት ይኖርልኛል።»

ዓርብ ከሰላት በኋላ የሙዘሚል አጎቶች የታመሙትን ሐጁን ሊጠይቁ ተሰበሰቡ። እኔም ነበርኩ። ሙዘሚል ተነሳ፤ ላቡ በአገጩ ይወርዳል።

«ሐጅ፣ ያን ቀን አንገቴን የደፋሁት አፍሬ ነው። ጭማቂው ኪኒኑን አይተካም። አውቅ ነበር።»

ታላቅ አጎቱ ፊቱን በጥምጥሙ ጫፍ ሸፈነ። «ይዘኸን የመጣኸው ለዚህ ነው?» ሲል ሰማሁት።

«እና ልጄን ለማግባት ብለህ እኔን ልትገድለኝ?» አሉ ሐጁ።

«አዎ... አይ፣ ማለቴ፣ ሐጅ...»

አንዱ ሊስቅ ብሎ ሳል አስመሰለው። ሙዘሚል መሬቱ ቢከፈት ይገባ ነበር። ኢሽራቃ በመጋረጃው ክፍተት ታየዋለች፤ እሱ ግን ቀና ማለት አልቻለም። ሐጁ ወደ መጋረጃው ዞረው የልጃቸውን ዓይን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ቅዳሜ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ኪኒኑንም እውጣለሁ። ይሄ ልጅ ግን እሱ ይውሰደኝ፤ አሁን ያለውን ሐኪሙ ፊትም ይድገመው። ስለ ሠርጉ ስንመለስ መንገድ ላይ እናወራለን።»